የእግዚአብሔር ዕቅድና የታጠፈ ምስክርነት፦ ከባሮ ሸለቆ ጋር የተያያዙ ሦስት የሕይወት ታሪኮች ሲመረመሩ

መግቢያ

በጋምቤላ ከተማ፣ በኢታንግ፣ በአቦቦና በላሬ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት «እግዚአብሔር ዕቅድ አለው» የሚለውን ቃል ሳይሰማ ዓመቱን የሚጨርስ ምእመን የለም ማለት ይቻላል። ባሮ ሞልቶ ማሳውን ለወሰደበት ገበሬ ይነገራል። በሚያዝያ ወር 2016 ከድንበር ማዶ የመጡ የሙርሌ ታጣቂዎች ልጇን ለወሰዱባት እናት ይነገራል። ፈተና ለወደቀ ተማሪም፣ ኃጢአት ሠርቶ ከአገልግሎት ለታገደ ወንጌላዊም ይነገራል። ቃሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ለእነዚህ ሁሉ ሰዎች በአንድ ድምፅና በአንድ ትርጉም ሲነገር አንዱን ያጽናናል፣ ሌላውን ያቆስላል፣ ሦስተኛውን ደግሞ ከንስሐ ያስመልጠዋል።

ይህ ጽሑፍ ያንን አነጋገር በሦስት የሕይወት ታሪኮች በኩል ይመረምራል። ባለ ታሪኮቹ ዶክተር ቶማስ ላምቢ፣ ቄስ ጊዳዳ ሶሎንና ቄስ ዶን ማክሉር ናቸው። ሦስቱም ከባሮ ሸለቆና ከአጎራባቹ ደጋ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ የሦስቱም ሕይወት በመጽሐፍ ተጽፏል። ክርክራችን አጭር ነው፦ መከራ፣ የሥራ አለመሳካትና ጥፋት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በእግዚአብሔር ዕቅድ መታመን ሦስቱን አያደባልቅም። በተለይ ጥፋትን በተመለከተ፣ እውነተኛ መታመን ሰውን የሆነውን እንዲናገር ያደፋፍረዋል። አማኝ «የእግዚአብሔር ዕቅድ ነበር» እያለ የሆነውን ከመናገር የሚያመልጥ ከሆነ፣ የታመነው በእግዚአብሔር መሆኑ ያጠራጥራል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በባሮ በኩል የተከፈተው በር

ጋምቤላ በምዕራብ ኢትዮጵያ የወንጌላውያን ታሪክ ውስጥ በመጀመሪያ የምትታየው እንደ መግቢያ በር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1902 ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ስምምነት መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተከፈተ። ክረምት ሲገባና ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከሱዳን እየመጡ ሸቀጥ ያራግፉ፣ የወለጋንና የኢሉባቦርን ቡና ይጭኑ ነበር። ባሮ ከፒቦር ጋር ተገናኝቶ ሶባት ተብሎ በሚፈስበት አገር፣ በናስር፣ አሜሪካዊው የፕሬስቢቴሪያን ሚስዮን ሐኪም ቶማስ ላምቢ ከኑዌሮች መካከል ሲያገለግል ቆይቶ ነበር። በ1918 የኅዳር በሽታ አገሩን ከመታ በኋላ በምዕራብ ወለጋ ሐኪም ይፈለግ ስለ ነበር፣ ላምቢ በ1919 በጋምቤላ በኩል ገብቶ ወደ ሳዮ፣ ወደ ዛሬው ደምቢ ዶሎ፣ ወጣ። ኋላ ቤቴል የተባለችው የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ከዚህ ጉዞ ፍሬዎች አንዷ ናት።

ከዚያ በኋላ በር በበር ላይ ተከፈተለት። ወደ አዲስ አበባ ተጋብዞ በጉለሌ ሆስፒታል አቋቋመ። በ1927 ከጓደኞቹ ጋር ከሱዳን ኢንቴሪየር ሚስዮን ጋር ተባብሮ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ደቡብ፣ ወደ ወላይታ፣ ሲዳማና ሆሳዕና የሚወስደውን ሥራ ጀመረ። ለሥራው ሲል የአሜሪካ ዜግነቱን ትቶ የኢትዮጵያን ዜግነት ተቀበለ። በ1935 የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሲመሠረት ዋና ጸሐፊው ሆነ።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ለሰባኪ የተመቸ ነው። ወረርሽኙ በር ከፈተ፣ ገዥው ጠራ፣ ወንዙ አደረሰ፣ ንጉሡ ተቀበሉ። ይህን ታሪክ ይዞ ስለ እግዚአብሔር መግቦት ለመስበክ የሚቸገር የለም።

በ1936 የሆነው

በጥቅምት 1935 የፋሺስት ጣሊያን ጦር ኢትዮጵያን ወረረ። የመርዝ ጋዝ በወታደሩም በገበሬውም ላይ ወረደ፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለባቸው የሕክምና ቦታዎችም በቦምብ ተመቱ። ላምቢ በቀይ መስቀሉ ኃላፊነቱ የጋዙን ነገር ከመሰከሩት ሰዎች አንዱ ነበር። በግንቦት 1936 አዲስ አበባ በጠላት እጅ ወደቀች። ላምቢ ለጣሊያን ባለ ሥልጣናት ተገዛ፤ ስለ መርዝ ጋዙ የሰጠውንም ምስክርነት አጠፈ።

ለምን? በእጁ ላይ የነበረውን መመልከት ይበቃል፦ ሆስፒታል፣ የሥጋ ደዌ ሕሙማን፣ በደቡብ የተበተኑ ሚስዮናውያንና ገና የተጠመቁ ጥቂት አማኞች። ሚስዮኑ በአገሩ እንዲቆይ ብሎ ቃሉን እንዳጠፈ መረዳት አያስቸግርም። ውጤቱ ግን እንዳሰበው አልሆነም። በ1937 የመጨረሻዎቹ ሚስዮናውያን ወላይታን ለቀው ወጡ፤ ብዙም ሳይቆይ ሚስዮኑ ከመላው አገሪቱ ተወገደ። ላምቢ በትውልድም በምርጫም ያገኘው ዜግነት ከእጁ ወጣ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1941 ወደ ዙፋናቸው ሲመለሱም ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ እንዲያገለግል አልተፈቀደለትም። ቀሪ ዕድሜውን በፍልስጤም ምድር፣ በቤተ ልሔም አካባቢ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንን ሲያክም አሳልፎ በ1954 በኢየሩሳሌም ዐረፈ። ላምቢ ያጠፈውን እውነት የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር በይፋ ያመነው በ1996፣ ከ60 ዓመት በኋላ ነው።

የጥፋቱን ዓይነት በትክክል መሰየም ያስፈልጋል። ላምቢ ክርስቶስን አልካደም። ወራሪው ስለ ክርስቶስ አልጠየቀውም። የጠየቀው ስለ ባልንጀራው ነበር፤ ቆዳው ስለ ተላጠው፣ ዓይኑ ስለ ጠፋው የሰሜን ገበሬ። የተጣሰው ዘጠነኛው ትእዛዝ ነው። በሴሚናሪዎቻችን ስለ እምነት መካድ ብዙ እናስተምራለን፤ ስለ ባልንጀራ የተሰጠን ምስክርነት ማጠፍ ግን ከክህደት ጎን ቆሞ የሚታይ ጥፋት መሆኑን እምብዛም አንናገርም።

ታሪኩ የሚነገርባቸው ሦስት መንገዶች

ይህ ታሪክ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲነገር ሦስት መልኮች አሉት።

አንደኛው ዝምታ ነው። ሰባኪው ከ1919 ወደ 1927 ይሄድና ከዚያ ዘሎ 1941 ላይ ያርፋል። በመካከል ያለው የወረራ ዘመን የሚጠቀሰው ጠላት ያደረገውን ለመናገር ብቻ ነው።

ሁለተኛው የተጎጂው መልክ ነው። ላምቢ ራሱ በ1939 ያሳተመው የሕይወት ታሪክ ርእስ በአማርኛ «አገር የሌለው ሐኪም» እንደ ማለት ነው። ርእሱ እውነት ነው፤ ሰውየው በእርግጥ አገር አጥቷል። ይሁን እንጂ አንባቢ ገና ገጹን ሳይገልጥ ያዝንለታል። የጠፋው ዜግነት በሽፋኑ ላይ በትልቁ ታትሟል፤ የታጠፈው ቃል በሽፋኑ ላይ ስፍራ የለውም። እንዲህ ያሉ የሚስዮናውያን ታሪኮች በአብዛኛው የተጻፉት በአገር ቤት ሆነው ለሚጸልዩና ገንዘብ ለሚልኩ ደጋፊዎች ነው። ለዚያ አንባቢ መከራን መንገር ይቀላል፤ መከራ ድጋፍ ይጠራልና። ጥፋትን መንገር ግን ሥራውን ያስጠረጥራል። ስለዚህ ጥፋት የመከራ ልብስ ለብሶ ይቀርባል።

ሦስተኛው መልክ ከሁሉ የሚወደደው ነው። ሚስዮናውያን ወላይታን ሲለቁ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ፤ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ግን ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞችን አገኙ። ይህን ታሪክ ሬይመንድ ዴቪስ በ1960ዎቹ ባሳተመው መጽሐፍ ለዓለም አሰምቷል፤ በአገራችንም ደጋግሞ ይሰበካል። መደምደሚያውም አንድ ነው፦ የሆነው ሁሉ ለበጎ ሆነ፤ እግዚአብሔር ሚስዮናውያንን ያስወጣው ቤተ ክርስቲያንን ሊያሳድግ ነው።

በወላይታ የሆነው እውነት ነው፤ ምስጋናም ይገባዋል። ነገር ግን ከ1936ቱ ጥፋት ጋር በዚህ መንገድ ሲያያዝ ሁለት ስሕተት ይወልዳል። የመጀመሪያው፣ ውጤቱ ድርጊቱን እንደሚያጸድቅ ያስተምራል። «ፍጻሜው አምሯል፤ ስለዚህ መካከሉን አናንሳ» የሚል ጉባኤ ነገ የራሱን ጥፋት በዚሁ ሚዛን ይመዝናል። ሁለተኛው ከዚህ ይከፋል፤ የእግዚአብሔር ዕቅድ በእነማን በኩል እንደ ተፈጸመ ይሸፍናል። በእነዚያ ዓመታት በወላይታ ወንጌሉን የተሸከሙት እንደ ዋንዳሮ ያሉ፣ ተገርፈውና ታስረው ቃላቸውን ያላጠፉ ሰዎች ናቸው። ዕቅዱ ወደፊት የሄደው በማጠፍ አልነበረም። ምስክርነታቸውን በያዙ ሰዎች በኩል ነበር። ታሪኩን በሚገባ ብናነብበው ትምህርቱ ይገለበጣል፦ ላምቢ ሥራውን ለማዳን ቃሉን አጠፈ፣ ሥራውም አልተረፈለትም፤ የወላይታ አማኞች የሚያድኑት ተቋም አልነበራቸውም፣ በእነርሱ ላይ ግን ቤተ ክርስቲያን ተሠራች። ላምቢ በዚያች ሰዓት ያጣው እምነት፣ የእግዚአብሔር ዕቅድ በእርሱ ሆስፒታልና በእርሱ ሚስዮን ላይ እንዳልተንጠለጠለ ማመንን ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ዕቅድንና ጥፋትን እንዴት ያያይዛል?

ሦስት ስፍራዎችን ብቻ እንመልከት። የመጀመሪያው የዮሴፍ ንግግር ነው (ዘፍ. 50፥15-21)። እኛ ጥቅሱን ስንጠራ ሁለተኛውን ግማሽ፣ እግዚአብሔር ለመልካም ማሰቡን፣ ይዘን እንሮጣለን። ዮሴፍ ግን በፊተኛው ግማሽ ወንድሞቹ ያሰቡት ክፉ መሆኑን በግልጽ ተናግሯል። ከዚያም በፊት ወንድሞቹ ራሳቸው በደላቸውን በስሙ ጠርተው ይቅርታ ለምነዋል። ደግሞም ይህን ቃል የተናገረው ማን እንደ ሆነ ልብ ይሏል፤ ወደ ጕድጓድ የተጣለው ነው። ወንድሞቹ ቀድመው «ይህ የእግዚአብሔር ዕቅድ ነበር፤ አትቀየመን» ቢሉት ኖሮ ያው እውነት በእነርሱ አፍ ስድብ በሆነ ነበር። ስለ ክፉ ድርጊት «ለበጎ ሆነ» የማለት መብት በመጀመሪያ የተበዳዩ ነው።

ሁለተኛው ከሁሉ የሚጠቀሰው ኤርምያስ 29 ነው። ቁጥር 11 በየቀን መቁጠሪያውና በየግድግዳው ተሰቅሏል። ጥቅሱ ያለበት ደብዳቤ ግን የተጻፈው ለምርኮኞች ነው። ምርኮው 70 ዓመት እንደሚሆን ይነግራቸዋል፤ ማለትም ከአድማጮቹ ብዙዎቹ በምርኮ አገር ይሞታሉ። ቀድሞ ባለው ምዕራፍ ሐናንያ የሁለት ዓመት ተስፋ ሰጥቶ ነበር፤ ኤርምያስ ሐሰተኛ ያለው ያንን ፈጣን ተስፋ ነው። በዚያው ደብዳቤ ሕዝቡ ባለመስማታቸው የመጣው ፍርድም በስሙ ተጠርቷል። ተስፋው ጥፋቱን አላለዘበውም።

ሦስተኛው የሐዋርያት ሥራ 4፥24-31 ነው። ለዚህ ጉዳይ ከዚህ የቀረበ ክፍል የለም። ማስፈራሪያ የደረሰባት ቤተ ክርስቲያን ስትጸልይ ሄሮድስንና ጲላጦስን በስም ትጠራለች፤ ወዲያው የሆነው ሁሉ የእግዚአብሔር እጅና ምክር አስቀድሞ የወሰነው መሆኑን ትናዘዛለች። ከዚህ ኑዛዜ በኋላ የለመነችው ምንድን ነው? ዛቻው ይቅርልን አላለችም፤ ቃሉን በግልጥ ለመናገር ድፍረት ለመነች። በአዲስ ኪዳን በእግዚአብሔር ዕቅድ ማመን የሚያፈራው ይህን ነው። ዕቅዱ የእርሱ ከሆነ፣ እኛ እውነቱን በማጠፍ ልናድነው የሚገባን ነገር የለም።

የቤቴል አብያተ ክርስቲያናት ከተሐድሶው ልማድ የወረሱት ትምህርትም ይህንኑ ይላል። ካልቪን በ«ተቋማት» አንደኛ መጽሐፍ ምዕራፍ 17 ላይ ስለ መግቦት ሲያስተምር፣ መግቦትን የኃጢአታቸው ማመካኛ የሚያደርጉትን ሰዎች በብርቱ ይቃወማል። የእግዚአብሔር ውሳኔ የሰውን ተጠያቂነት አያነሣም።

በዚህ ላይ የጴጥሮስ ታሪክ ይጨመር። መካዱ አስቀድሞ ተነግሮታል፤ ጌታም ስለ እርሱ ጸልዮአል (ሉቃ. 22፥31-34)። ጴጥሮስ ግን ዶሮ ሲጮኽ «ተነግሮ ነበርና» አላለም፤ ወጥቶ አለቀሰ። ቤተ ክርስቲያንም የታላቁን ሐዋርያዋን ውድቀት አልሸሸገችም፤ አራቱም ወንጌላት ይተርኩታል። ይህ ከሚስዮናውያን የሕይወት ታሪክ አጻጻፍ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል።

ሁለት ሌሎች ታሪኮች

ጊዳዳ ሶሎን የሳዮ ሰው ነው። በልጅነቱ ፈንጣጣ ዓይኑን አጠፋው። ላምቢ በጋምቤላ በኩል አምጥቶ በተከለው ሚስዮን ዘንድ ወንጌልን ሰማ፤ ኋላም ወንጌላዊና ቄስ ሆነ። በወረራው ዘመን ሚስዮናውያን በሌሉበት ጊዜ ከማሞ ጮርቃ ጋር የአማኞችን ማኅበር ይዘው ከቆዩት መካከል ነው። በቃል ተናግሮ ያስጻፈው የሕይወት ታሪኩ በ1972 በእንግሊዝኛ ታትሟል፤ ርእሱ «የጨለማው ሌላ ገጽ» ማለት ነው። ይህ ርእስ ከላምቢ ርእስ ጋር ቢነጻጸር ይጠቅማል። ጊዳዳ ጨለማውን በስሙ ይጠራዋል፤ ጨለማ አልነበረም አይልም፤ ብርሃን ነበር ብሎም ስሙን አይለውጥም። ሌላ ገጽ እንዳለው ብቻ ይመሰክራል። የጊዳዳ ነገር መከራ ነው፤ ጥፋት የለበትም። ለእንዲህ ያለ ሰው «ምን አድርገህ ነው?» ማለት የኢዮብን ወዳጆች መምሰል ነው። «እግዚአብሔር ዕቅድ አለው» ማለት የሚቻለው ደግሞ እንደ ጊዳዳ ሰውየው ራሱ ሲናገረው፣ እኛም አብረነው ተቀምጠን ስንሰማ ነው።

ሁለተኛው ዶን ማክሉር ነው። ከሱዳን በኩል ከአኮቦ ተነሥቶ በባሮ ዳር በፖክዎ የአኝዋክን ሥራ የመሠረተው አሜሪካዊ ሚስዮናዊ ነው። የሕይወት ታሪኩን በ1990 ያሳተመው የካልቪን ትምህርት ሊቅና የቤተሰቡ አባል የሆነው ቻርልስ ፓርቲ ሲሆን፣ መጽሐፉ በአብዛኛው ከማክሉር ደብዳቤዎች የተገነባ ነው። ማክሉር ዕቅድ ያለው ሰው ነበር፤ ወንጌላዊ፣ መምህር፣ የእርሻ ባለሙያ፣ ሐኪምና ተርጓሚ በአንድነት ተሰልፈው ሥራውን በ15 ዓመት ለአኝዋክ አማኞች አስረክበው እንዲወጡ አሰበ። ሥራው በዚያ ልክ አልተጠናቀቀም። ድንበሩ፣ የሱዳን ጦርነትና የ1974ቱ አብዮት መጡበት። ማክሉር ራሱ በመጋቢት 1977 በኦጋዴን፣ በጎዴ በታጣቂዎች ተገደለ።

ይህ የዕቅድ አለመሳካት ነው። መልካም ሰው መልካም ሐሳብ አስቦ ቀኑ አልበቃውም። ከአለመሳካት ንስሐ አይገባም፤ ትሕትና ይማሩበታል። ፕሮጀክቱ ያልተሳካለት አገልጋይ ኃጢአት እንደ ሠራ ሲቆጠር፣ ኃጢአት የሠራው ደግሞ «ነገሩ አልተሳካለትም» ተብሎ ሲታለፍ ሚዛናችን ተዛብቷል። በአብያተ ክርስቲያናችን ይህ መዛባት የተለመደ ነው፤ አዳራሹን ሳይጨርስ የቀረው መጋቢ በጉባኤ ይወቀሳል፣ ገንዘብ ያጎደለው ግን «ጠላት ፈተነው» ተብሎ በጸሎት ይሸኛል።

ጥያቄው በጋምቤላ

ይህ ሁሉ በጋምቤላ የታሪክ ትምህርት ብቻ አይደለም። በታኅሣሥ 13 ቀን 2003 በጋምቤላ ከተማ አኝዋኮች ተገደሉ። የመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን የሟቾቹን ቁጥር 65 አለ፤ የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ከ400 በላይ አሉ። ከ2013 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ የደቡብ ሱዳን ጦርነት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞችን አመጣ፤ ቁጥራቸው በ2007 ቆጠራ ከ300,000 ጥቂት ይበልጥ ከነበረው የክልሉ ሕዝብ ጋር የሚስተካከልበት ጊዜ ነበር። በኩሌ፣ በቲርኪዲ፣ በጄዊና በንጉኝየል መጠለያዎች የተመሠረቱት ጉባኤዎች ኤርምያስ 29ን እንደ ደብዳቤው የመጀመሪያ አድማጮች በስደት ሆነው ያነብቡታል። በጥር 2016 በኑዌርና በአኝዋክ መካከል ደም ፈሰሰ።

በእንዲህ ያለ አገር የመጋቢው ቃል ከባድ ነው። በአንድ ጉባኤ ባሏን የተቀበረባት ሴትና ያን ቀን በሩን ዘግቶ የተቀመጠ ጎረቤቷ ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ መጋቢው ለሁለቱም «የሆነው ሁሉ በእግዚአብሔር ዕቅድ ነው» ቢል ለሴቲቱ ምን አላት? ኀዘኗን እንድታጥፍ ነገራት። ለጎረቤቷስ? ጥፋቱን እንዲረሳ ፈቀደለት። ሳያውቀው በ1936 ላምቢ ያደረገውን አደረገ፤ ሰላምና ሥራ እንዲቀጥል ሲል የተገደሉትን ምስክርነት አጠፈ።

የሸለቆው ሰዎች ራሳቸው ለዚህ የሚረዳ ጥበብ አላቸው። ከ1930 ጀምሮ በኑዌሮች መካከል ያጠናው ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1956 ባሳተመው የኑዌር ሃይማኖት ጥናቱ ሁለት ነገሮችን አብሮ መዝግቧል። ኑዌሮች ሞትና ጉዳት ሲደርስ እግዚአብሔር ትክክል መሆኑን ይቀበላሉ። በዚያው ልክ የሰው ጥፋት በቃል ወጥቶ እንዲነገር ይፈልጋሉ፤ በአንዳንድ መሥዋዕት ላይ የቂም ነገር ሁሉ ሳይቀር ካልተነገረ መሥዋዕቱ ዋጋ የለውም። እኛ መሥዋዕቱ አንድ ጊዜ ለዘላለም እንደ ቀረበ እናምናለን። ነገር ግን አያቶቻቸው «እግዚአብሔር ትክክል ነው» እና «እኔ አጥፍቻለሁ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ሳይነጣጥሉ መያዝ ከቻሉ፣ የእኛ ስብከት የፊተኛውን ብቻ ይዞ የኋለኛውን ቢጥል ምን ያህል ወደ ኋላ እንደ ሄድን ያሳያል።

የወደቀ አገልጋይን በተመለከተም መንገዱ ይኸው ነው። ጌታ ጴጥሮስን ሲመልሰው በከሰል እሳት ዳር ሦስት ጊዜ ጠየቀው (ዮሐ. 21፥9-17)። ሦስት ጊዜ የካደውን ሦስት ጊዜ አስታወሰው፤ ጴጥሮስም አዘነ። ጠባቂነቱ የተመለሰለት ከዚህ ኀዘን ጋር ነው። ስለዚህ የአገልጋይን ጥፋት ሳይሰይሙ በሹክሹክታ ወደ ሌላ አጥቢያ ማዛወር ማደስ አይባልም። «እግዚአብሔር ለአንተ ገና ዕቅድ አለው» የሚለው ቃል የሚነገረው ጥፋቱ ከተሰየመ፣ የተበደለው ሰው ከተሰማ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ቃሉ በእውነት ወንጌል ይሆናል።

ሁለት ተቃውሞዎች

«በሰላም ጊዜ ተቀምጦ በጦር ጊዜ የነበረን ሰው መፍረድ ቀላል ነው» የሚል ይኖራል። ትክክል ነው። በየካቲት 1937 በአዲስ አበባ የፈሰሰው ደም ያ መንግሥት ምን ሊያደርግ ይችል እንደ ነበር ያሳያል። ከእኛ ማን በዚያ ስፍራ ይቆም ነበር? ነገር ግን ጥፋትን በስሙ መጥራት በሰውየው ላይ የፍርድ ዙፋን መዘርጋት አይደለም። የጴጥሮስን ክህደት የምናነብብ ሁሉ ከጴጥሮስ እንደምንሻል አናስብም። ላምቢ በሳዮ የፈወሳቸው ሕሙማን አልተሰረዙም፤ በቤተ ልሔም ያገለገላቸው ዓመታትም። ጸጋ በጥፋት ዳር አልፎ መሥራቱን የምናየው ጥፋቱን ስናይ ነው።

ሌላው ተቃውሞ «የመሪዎችን ጥፋት መናገር ለተቃዋሚ ወሬ መስጠት ነው» የሚለው ነው። በእርግጥ ወሬ ለመሰብሰብ የሚናገር አለ፤ እርሱም ይጠየቅበታል። ግን የ1936ቱን ነገር ቤተ ክርስቲያን ባትናገረው ጠፍቶ አልቀረም። የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈውታል፤ ወራሪው መንግሥት ራሱ ያደረገውን አምኗል። ወጣቱ ተማሪያችን ታሪኩን በሌላ ስፍራ ሲያገኘው የሚጠይቀው ስለ ላምቢ አይሆንም። «አባቶቼ ይህን ለምን ሸሸጉኝ?» ብሎ ስለ እኛ ይጠይቃል።

ማጠቃለያ

ሰባኪው መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት ራሱን ሦስት ነገር ይጠይቅ። በፊቴ ያለው ሰው የገጠመው መከራ ነው፣ የሥራ አለመሳካት ነው ወይስ ጥፋት? ስለ ዕቅዱ መናገር የሚገባው አሁን እኔ ነኝ ወይስ የተጎዳው ሰው? ይህን ቃል ስናገር የማን ምስክርነት ይታጠፋል? ለተጎዳው ዝምታና አብሮነት፣ ዕቅዱ ላልሞላለት ዕረፍት፣ ላጠፋው የንስሐ በር ይገባዋል።

እግዚአብሔር በባሮ በኩል ሐኪም አስገባ፤ ሐኪሙ በቀኑ ቃሉን አጠፈ፤ የሳዮው ዓይነ ስውርና የወላይታዎቹ እስረኞች ግን ቃላቸውን ያዙ። ከእነዚህ ሦስት ዐረፍተ ነገሮች አንዱን ትተን የተቀሩትን ብንሰብክ ስለ እግዚአብሔር ዕቅድ የሰበክነው ጎዶሎ ነው። ሦስቱንም አብረን ስንናገር ምእመኑ ሁለት ነገር ይሰማል፦ የእግዚአብሔር ሥራ በእኔ ጥፋት አይቆምም፤ ስለዚህም ጥፋቴን መሸሸግ አያስፈልገኝም።